ሦስተኛው ዙር ላይ ማን እንደጮኸ

ይድረስ ለዘውድነሽ፤

ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ነገር ስላጣሁ ነው። ከፋኝ ለማለት ብዬ ወረቀት ማበላሸት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አሁን ግን የምሥራች ይዣለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤቱ ደህና ነው። ድስቶቹን አንቺ በደረደርሽበት ተራ ነው የማስቀምጣቸው፤ ተራው ትክክል ስለሆነ እንጂ አንቺን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ጓደኛሽ ብርቄ ቀምሳው፣ «ጋሼ ተሰማ፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ የሚለሰን?» አለችኝ። ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ የካሴት ቤቱ ተዘግቶ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። በቀለ የምግብ ቤቱን በር ብርቱካንማ ቀለም ቀብቶታል። አስቀያሚ ነው ብዬ ነገርኩት፤ በማግስቱ ሁለተኛ ደረበበት።

ሌላው የተለወጠው የእኔ ስም ነው። አሁን መንገድ ላይ ስወጣ ከማዶ ሆነው «ጋሼ አይዞሽ!» ብለው ይጠሩኛል። እኔም አቤት እላለሁ። አዎ፣ እኔው ተሰማ፣ በሴት አንቀጽ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ዌስትውድ፣ የዩኒቨርሲቲው የሩጫ ሜዳ ላይ ስሠራ በነበረበት ዘመን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ አትረሺውም። የመሮጫውን መም እጠርጋለሁ፣ የዝላዩን አሸዋ እገለብጣለሁ፣ መሰናክሎቹን አነሣለሁ። አስተማሪ ሳይኖረኝ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ስለ ሩጫ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ከዚያ ሁሉ ንባብም አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከአምስት ሺህ ሜትር በታች ሩጫ አይደለም፣ ችኮላ ነው። ሰው ገና ሳይሞቀው የሚያልቅ ነገር ምኑ ሩጫ ይባላል?

ያን ቅዳሜ ምሳዬን ይዘሽ መጣሽ። ያቺ ልጅ ከስኮትላንድ ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ፀሐያችን ፊቷን እንደ ቲማቲም አድርጎታል። የምትሮጠው ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው። ይህ ሩጫ አራት ዙር ሊሞላ ሩብ የጎደለው ነው። የመጀመሪያው በጉልበት ይሮጣል፣ የመጨረሻው በደወሉ ድምፅ ይሮጣል፤ በመካከል ግን ጉልበቱም ያለቀበት፣ ደወሉም ያልተሰማበት ዙር አለ። አንቺ ቁጥሩን ሳትጠነቅቂ ሦስተኛው ዙር አልሽው፤ እኔም አርሜሽ አርሜሽ ሲደክመኝ ተቀበልኩት። ልጅቷ እዚያ ላይ ወደ መጨረሻ ተንሸራተተች። አንቺ ምሳ ዕቃውን በእጅሽ እንደያዝሽ ብድግ አልሽና፣ «አይዞሽ! አይዞሽ የኔ ልጅ!» ብለሽ ሜዳውን አናወጥሽው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየሽ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አሸዋ መገልበጥ ጀመርኩ። አሸዋው የተገለበጠ ነበር።

መጨረሻ ወጣች። ግን ምን እንደተባለች ለመጠየቅ አጥሩ ድረስ መጣች። አንቺ ተርጉምላት አልሽኝ፤ እኔም በእንግሊዝኛ የለም አልኩ። እስከ ዛሬም የለም። ስሟን ስትነግርሽ ኤልስፔት አለች፤ አንቺ ኤልሳቤጥ አልሻት። ስም አይቀየርም ብዬ ተቆጣሁ። ልጅቷ ሳቀችና በአገሯ ኤልስፔት ማለት ኤልሳቤጥ ማለት መሆኑን አስረዳችን። ያን ሳምንት ሙሉ ያደረስሽብኝን እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ።

ከዚያ ወዲያ ልጅሽ ሆነች፤ እኛ ያልወለድነውን ልጅ ስኮትላንድ ወለደችልን ትይ ነበር። አንቺ ትጮሂላታለሽ፣ እኔ በሩጫ ሰዓቴ እለካታለሁ፤ የገባችበትንም ሰዓት በደብተሬ እመዘግባለሁ። ስለዚያች ቃል ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን? አይዞሽ የሚባለው ለወደቀ ነው፣ እየሮጠች ላለች ሴት አይዞሽ ማለት ወድቀሻል ማለት ነው እልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ፣ «ሰው ሳይወድቅ ነው የሚያዘው፤ ከወደቀማ ምን ይሠራለታል!» ትይኝ ነበር።

በሦስተኛ ዓመቷ የተማሪዎቹን ውድድር አሸነፈች። ትምህርቷን ጨርሳ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ገባች፤ ጠዋት ከቀዶ ጥገና የተነሡትን መራመድ ታስተምራለች፣ ከሰዓት ራሷ ትሮጣለች። የአገሯን ሰማያዊ ማልያ ልትለብስ ስትሄድ አይዞሽ የሚለውን በእስኪርቢቶ እጇ ላይ ጻፍሽላት። በቀለ ቤት ቴሌቪዥን ስር ተኮልኩለን ስናይ ላቧን በእጇ ጠረገች፤ አራቱ ፊደላት ብቅ አሉ። ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ነበር። እኔ የ«ዞ»ው እግር ተንጋዷል አልኩ። ተንጋዶም ነበር።

ከዚያ የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየዳነ ተመልሶ ሲሰነጠቅ፣ ይብቃት ካሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አንቺ በእኛ ሶፋ ላይ አስተኝተሻት እግሯን በትራስሽ ላይ አሳረፍሽው። እኔ ስለ አጥንት የሚያወራውን መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እንቅልፍ ወሰዳት። በመጨረሻ የዳነችው በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደተነሣች በዓለም ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ አምስተኛ ወጣች። አምስተኛ ሜዳሊያ የለውም ስልሽ፣ «ከዓለም አምስተኛ ናት እኮ! አንተ ከዚህ ፎቅ ስንተኛ ነህ?» አልሽኝ። በልቤ ቆጠርኩ። 

ከዚያ አንቺ ታመምሽ። በመጨረሻው ሳምንት አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «እንግዲህ ሦስተኛው ዙር ላይ ማን ይጮህላታል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምን ለማለት እንደፈለግሽ ገብቶኛል። ግድግዳውን አየሁ። አንቺም ሳቅ ብለሽ፣ «ስምህ ተሰማ፤ ድምፅህ አልተሰማ» አልሽ። ነገ እመልስላታለሁ ብዬ ነበር። ቃል ሳልሰጥሽ ሄድሽ። እኔ የሚጸጽተኝ ነገር ጥቂት ነው፤ ይሄ ግን አንዱ ነው።

ለቅሶሽ ላይ ኤልሳቤጥ ጥቁር ነጠላ ለብሳ መጣች። ነጠላውን የሰጠቻት ብርቄ ናት። ቤቱ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት ከፊቴ በርከክ አለችና እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ፣ ጋሼ» አለችኝ። ከአንቺ አፍ ሌላ ሰምታው አታውቅም፤ ቃሉ ለወንድ እንደሚለወጥ በምን ታውቃለች? እኔ ደግሞ እኔ ነኝና፣ «ለወንድ አይዞህ፣ ለሽማግሌ አይዞዎት ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳት። በባለቤቴ ለቅሶ ላይ! መጀመሪያ ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ በቀለ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የተሳቀው የመጀመሪያው ሳቅ ያ ነው። ስሜም የወጣልኝ ያን ዕለት ነው።

አሁን ወደ ምሥራቹ ልምጣ። ባለፈው ወር ፌርፋክስ መጥታ፣ ሠላሳ አራት ሞላኝ፣ እግሬም ይበቃል ብሎኛል፣ የመጨረሻ ውድድሬን የማደርገው በጀመርኩበት በዌስትውድ ሜዳ ነው አለችን። በቀለ ምግብ ቤቱን በእኩለ ቀን ዘግቶ በቫኑ ጫነን። «ጋሼ፣ ድራይቭ እኔ አደርጋለሁ፤ የት ፓርክ እንደሚደረግ እርስዎ ያሳዩኛል፣ ኦኬ?» አለኝ። መኪና ይነዳል እንጂ ድራይቭ አይደረግም አልኩት። «ኦኬ» አለ።

አንቺ በቆምሽበት በኩል ተቀመጥን። የሩጫ ሰዓቴን ይዤያለሁ። ተኩሱ ሲተኮስ ጫንኩት። አጀማመሯ ጥሩ ነበር፤ ሦስተኛ ሆና ትሮጥ ነበር። ሦስተኛው ዙር ሲመጣ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፦ አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ። ያ ሁሉ የፌርፋክስ ሰው ጸጥ አለ። ያንቺን ቦታ ላለመንካት ብለው ነው ዝም ያሉት፤ ብርቄ ኋላ ነገረችኝ። ልጅቷ በእኛ በኩል ስታልፍ አንገቷን ትንሽ ወደኛ ዘንበል አደረገች። ሯጭ ዞር አይልም፤ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። የምትፈልገው አንቺን እንደሆነ ገባኝ።

ብድግ አልኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። «አይዞሽ!» የዛገ በር ሲከፈት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነበር። ከዚያ ሳላስበው «አይዞሽ የኔ ልጅ!» የሚለው ተከተለ። ብርቄ ተቀበለች፣ በቀለ ተቀበለ፣ ሁሉም ተነሣ፤ ከእኛ ጎን የተቀመጡት ፈረንጆች ሳይቀሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይጮሁ ጀመር። ደወሉ ተደወለ። አንዷን አለፈች። ሁለቱን በመታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ዞረቻቸው፤ በመጨረሻው ቀጥታ ሦስቱን ጥላቸው አለፈች። እኔ ባርኔጣዬን ወረወርኩ፤ በቀለን ጆሮው ላይ መታው። በአንድ ትከሻ ተቀድማ ሁለተኛ ገባች።

ሁለተኛ ማለት የተሸናፊዎች አለቃ ነው የምል ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ብርቄን አቅፌ ዘለልኩ። ኋላ የሩጫ ሰዓቴን ባየው ሰባት ደቂቃ አልፎ ገና ይቆጥራል፤ ማቆሙን ረስቼው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ስለካት አንድም ጊዜ እንዲህ አላደረግሁም። በሰሌዳው ላይ የወጣውን ሰዓት ቅዳው አሉኝ፤ ራሴ ያልለካሁትን አልጽፍም። በደብተሬ የመጨረሻ መስመር፣ ሰዓቱ በሚገባበት ቦታ ላይ፣ አይዞሽ ብዬ ጻፍኩበት። የ«ዞ»ው እግር ትንሽ ተንጋዷል።

ልጅቷ ፊቷ እንደ ድሮው ቀልቶ ወደ አጥሩ መጣች። ሁለት እጆቼን ያዘችና፣ «አይዞሽ፣ ጋሼ» አለችኝ። ብርቄ አሁን ሊያርማት ነው ብላ ታየኛለች። እኔም «እሺ» አልኩ።

አሁን ኤልሳቤጥ እዚያው ሜዳ ላይ ሴቶች ልጆች ታሠለጥናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንድ ነገር አምኜልሻለሁ፤ ሺህ አምስት መቶ ሩጫ ነው። ስምንት መቶ ግን አሁንም ችኮላ ነው፤ በዚህ አትምጪብኝ።

አልረሳሽም ብዬ በወረቀት አልምልም፤ ወረቀት ላይ መማል ቀላል ነው። ግን ጉልበቴ እስካነሣኝ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ዕቃሽን ይዤ አንቺ በቆምሽበት እቆማለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ማን ይጮህላታል ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ዘግይቷል፤ ይኸውልሽ፦ እኔ።

ባልሽ፣
ተሰማ