ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

ለታምራት እናት፣ ለእኔዋ አስቴር፦

ከሶዶ እስከ በዴሳ እንደ እኔ የሚያነብ ሰው የለም። እሺ፣ ከማታ ክፍላችን። እሺ፣ ከምቀመጥበት ዴስክ፤ ዴስኩ ላይ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ግን ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፣ እጄን የያዘልኝ ሰው የለም።

ከሄድሽ ሁለት መስቀል አለፈ። ቤቱ ያው ነው ብልሽ ውሸት ነው። የጓሮው እንሰት የሚፍቀው ጠፍቶ ጫካ ሆኗል። የበርበሬ ዳጣ ከጎረቤት ነው የማገኘው፤ እንዳንቺ ዳጣ አያስለቅስም። የአናጢነቱ ሥራ ግን አለ። እኔ የሠራሁት አልጋ ላይ የተኛ ሰው ታሞ አያውቅም እላለሁ፣ ሰው ይስቃል። ከዚያ እዚያው አልጋ ላይ የታመምሽው አንቺ ትዝ ትይኛለሽ፣ ወደ መጋዜ እመለሳለሁ።

ታምራት ቤት የለም። እንዴት እንደምነግርሽ ስለጨነቀኝ ነው በዳጣ የጀመርኩት።

አንቺን ከቀበርን በኋላ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል ተወው። መናኸሪያው ጀርባ ከሚውሉት ልጆች ጋር መዋል ጀመረ። ልጆቹ በቡድን ሆነው ስልክ ይነጥቃሉ ይባላል። እሱም ይነጥቅ ነበር? አላውቅም። ቤት ሲመጣ እኔ ቀልድ አወራለሁ፣ እሱ ዝም ይላል። እነሱ ጋ ግን ሲስቅ በሩቁ አይቼዋለሁ። ሶዶን በሙሉ የማስቀው ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን ሌሎች አሳቁት።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ባሳ ወረቀት ይዘው ወርክሾፔ መጡ። ሰፈሩን ያስቸገሩ ልጆች ስም ተጽፎ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው፣ ነዋሪው እየፈረመ ነው አሉኝ። ደንበኞች ተቀምጠዋል። ላንብብልህ ወይ ሲሉኝ፣ ዓይኔ ጠፋ እንዴ አልኳቸው። ወረቀቱን ይዤ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ መሃል ላይ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በሠርጋችን ሰሞን ደብተር ጉልበትሽ ላይ ዘርግተሽ ያስለመድሽኝን ፊርማ ፈረምኩ። ጋሽ ባሳ እጄን ጨብጠው ቶሎ አልለቀቁኝም። እሁድ ቸርች ውስጥ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ አባት በመሃላችን አለ ብለው አመሰገኑኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ምስጋና ስለሆነ ግን አሜን አልኩ።

ሰኞ ታምራት ወርክሾፔ መጣ። በሩ ላይ ቆመና፣ «አዋ፣ አባቴ፣ ስሜ ያለበት ወረቀት ላይ አባትህ ፈርሟል አሉኝ። እውነት ነው?» አለኝ።

ማንበብ አልችልም ነበር ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት። እኔና አንቺ ከልጃችን እንኳ ደብቀን የኖርናት ነገር ናት፤ ሠራተኞቼም እየሰሙ ነበር። «ፈርሜያለሁ» አልኩት።

ልብሱን ከቤት በፌስታል ይዞ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመናኸሪያው ልጆች ጋ ያድር ነበር። አሁን በዴሳ ገበያ ውስጥ የአንዲት ሴት ስልክ ሲነጥቅ ተይዞ እዚያው ጣቢያ ታስሯል። ይህኛው እውነት ነው፣ ራሱ አምኗል።

እሱ የወጣ ሳምንት ነው ማታ ትምህርት የተመዘገብኩት። አንድ ቀን መምህራችን፣ ወጣቶች ለምን እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ይገባሉ ብሎ ጠየቀን። ዳቦ ጋጋሪዋ ሥራ ማጣት ነው አለች። ዘበኛው የጓደኛ ነገር ነው አለ። አንዷ የአባት ቁጣ አንሶ ነው ስትል፣ ሌላው በዝቶ ነው አለ። ሁሉም እውነት መሰሉኝ፣ ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው። ሁልጊዜ ቀድሜ የምቀባጥረው ሰው ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ታምራት ሌባ ስለሆነ ነው ስሙ የተጻፈው፣ ወይስ ስሙ ስለተጻፈ ነው ሌባ የሆነው? እኔ ባልፈርም ቤቱ ይቀመጥ ነበር? ወይስ በእሱ ዝምታና በእኔ ቀልድ መሃል ድሮውኑ ሄዷል? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። የተነጠቀችው ሴትዮ ደግሞ አለች፤ እሷ ምን አጠፋች?

ባለፈው ሐሙስ ጎደሬ ቀቅዬ በሚኒባስ ወሰድኩለት። በአጥሩ በኩል ነገርኩት። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር ልጄ፣ ስምህን አላየሁትም አልኩት። ብዙ አየኝና፣ «አሁንስ ትችላለህ?» አለኝ። ከዚያ ጎደሬውን በላ።

አስቴር፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ አንቺ ከዚህ ቤት አትጠፊም። በየማታው ደብተሬን ስገልጥ የመጀመሪያው መስመር ላይ የምጽፈው ስምሽን ነው፤ እጄ እስኪደክም እጽፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ዋሽቼሻለሁ። ሐሙስ ለታምራት ምንም አልነገርኩትም። ጎደሬውን በአጥሩ አቀበልኩት፣ ስለ አልጋዎቼ ጉራዬን ነፋሁ፣ ተመለስኩ። እሱም ምንም አልጠየቀኝም። አፌ እምቢ ስላለኝ መጀመሪያ ላንቺ በእጄ ጻፍኩት። ነገ መጠየቂያ ቀን ነው። ይህን ደብዳቤ ይዤለት እሄዳለሁ፣ እሱ ማንበብ ይችላል።

ባልሽ ዳና