በስምህ የተቀመጠው የእድር ገንዘብ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለገሠ ዓለሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እኅትህስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሲበርድ ብቻ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ስልክ ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ አገር ቤት በምትገባው በቀጸላ እጅ ልኬልሃለሁ። እሷን ደግሞ "የለም" ብለህ አትመልሳትም፤ ጠባይዋን ታውቃለህ።

ከፋሲካ በኋላ ለአንድ ወር ብለህ አገር ቤት እኅትህ ጋ እንደ ሄድክ መስከረም ጠባ። ባንኩ ሲከስር የእድሩ ገንዘብ በአንተ ስም ብቻ መገኘቱ እንዳሳፈረህ አውቃለሁ። ግን በአንተ ስም ያስቀመጠው ማን ነው? ባንኩ የማኅበር ምዝገባ ወረቀት ሲጠይቀን፣ "ለገሠ እያለ ምን ወረቀት ያስፈልጋል!" ብሎ ያጨበጨበው አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። አብዝተው ያጨበጨቡት ዛሬ የሚያሙህ ናቸው።

መንግሥት የሾመው የባንኩ አጣሪ "ሂሳቡ የአንድ ሰው ነው፤ የተቀማጭ ገንዘብ ኢንሹራንሱ ለአንድ ሰው የሚሸፍነውን ከፍለናል፣ ሌላውን እርሱት" አለን። ባንኩን የገዛው አዲሱ ባንክ ደግሞ "እኔ የወረስኩት ኢንሹራንስ ያለውን ብቻ ነው" አለ። ሁለቱንም ከሰስን። ገንዘቡ የእድርተኛው ሁሉ መሆኑን ካስረዳን ኢንሹራንሱ በየሰው ይታሰባል። ካላስረዳን ከእንግዲህ ሰው ሲሞትብን አገሩ የምንልክበት የለንም።

ሐምሌ ላይ ወይዘሮ አልጣሽ ዴንቨር ጠበቆቹ ቢሮ ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። የአጣሪው ጠበቃ በአስተርጓሚ "መዋጮ ሲሰጡት ደረሰኝ ይቀበሉ ነበር?" አላቸው።

"የልጄን ሬሳ አገሩ ያስገባልኝን ሰው ደረሰኝ ልጠይቀው? አንተ እናት የለህም?"

አስተርጓሚዋ መተርጎም አቅቷት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። እነዚያ ሰዎች ፊት እንባዬን አላወጣም።

ነሐሴ ላይ ጠበቃችን ሮቤል ደወለልኝ።

"ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ተከሳሾቹ ሴትል እናድርግ፣ በስምምነት እንጨርስ እያሉ ነው። ባለቤትዎ በሰጡዎት ውክልና 'ገንዘቡ የባሌ የግል ነው' ብለው ሳይን ካደረጉ፣ ለእርስዎ የሆነ ፔይመንት ሰጥተው ኬዙን ይዘጋሉ። የቤቱ የሞርጌጅ ዕዳም አለብዎት፤ ያስቡበት።"

"አስቤዋለሁ።"

"መቼ?"

"አሁን። አልፈርምም።"

ብፈርም ቤቱ ይተርፍልኝ ነበር። ግን ባሌ የሰውን ገንዘብ የራሱ አድርጓል ብዬ የምፈርመው እኔ ልሆን ነው? ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር የሰው ሳንቲም ኪስህ ሲገባ አላየሁም። ተናድጄብሃለሁ፤ ጥለኸኝ በመሄድህ በጣም ተናድጄብሃለሁ። በዚህ ግን አልጠረጥርህም።

ቀጠሮው ኅዳር መጨረሻ ነው። ሮቤል እንደሚለው ዳኛዋ ከሁሉ በላይ መስማት የምትፈልገው ባለስሙን ነው። ሰው ምን ይለኛል አትበል፤ የሚያሙህም ቢሆኑ ገንዘባቸውን ይፈልጋሉና ኤርፖርት ወጥተው ይቀበሉሃል። ካልመጣህ ብቻዬን እቆማለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እስኪጠራ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሴት አይደለሁም።

እመብርሃን ጉልበትህን ታጽናልህ፣ መንገድህንም ታቅናልህ። እኅትህን ሳምልኝ።

ያንተዋ
ሠርካዲስ

ስትመጣ ወደ ቤታችን እንዳትሄድ፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ክፍል ለቀውልኛል። አልጋው ጠባብ ነው፤ ግን ለሁለት ይበቃል።