ጥሩምባው ከፀጉር ቤቱ ነው

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሙቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ አለ። ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ የሚያመጣው ያንኑ ሙቅ አየር ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ማሾ ነጋዴው ጋሼ ቃሲም ብቻ።

ፍላሽ ከተውኩ ወዲህ ዘፈን የሚመርጥልኝ ስልኬ ሆኗል። አንዱ ሲያልቅ አፑ ራሱ "ይህንንም ይሞክሩ" ብሎ ሌላ ይከፍታል። ዛሬ ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ... ቃል የሌለው፣ ጥሩምባ ብቻውን የሚተክዝበት አንድ ነገር አመጣ። ጃዝ ይላል። ልዘጋው ስል እጄ በጋሼ ቃሲም ጢም ተይዟል። ተውኩት። ለካ መሃል ላይ ቶንዶሱን አጥፍቼ ቆሜ እየሰማሁ ነው።

"ጨረስክ ወይስ ቆመህ ተኛህ?" አሉኝ።

ልክ እንዳለቀ ግድግዳው ተመታ። ቺፑድ ስለሆነ ሲመቱት መስተዋቴ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሼ በላይ ናቸው፣ በመቀሳቸው እጀታ።

"አንተ ደረጄ! ይሄ ጥሩምባ ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም ጋሼ! ጃዝ ነው!"

"የዕድር መስሎኝ ነጠላዬን ልፈልግ ነበር እኮ! ቀንሰው!"

ያለቀ ዘፈን እንዴት ይቀነሳል? እሺ አልኩ። ጋሼ ቃሲም በሳቅ ፈነዱ፣ ጢማቸውን ላበላሽ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ጃዝ ያዘኝ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሊንክ እልካለሁ። ግማሹ ይሰድበኛል። ጋሼ ቃሲም "ቃል የሌለው ዘፈን ጨው የሌለው ወጥ ነው" አሉ። ዛሬ ደግሞ ከመጋዘናቸው ደውለው "ያ ፒያኖ ያለበት... ጠፋብኝ፣ መልሰህ ላክልኝ"። አልጫውን ወደውታል ማለት ነው!

ጥሩምባዋን በየቀኑ አንድ ጊዜ እከፍታለሁ። ጋሼ በላይም በየቀኑ ግድግዳ ይመታሉ። ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ አብረዋቸው ነው የሚሰፉት፣ ሲስቁ ይሰማኛል። ሽማግሌውን ማናደድ ጥሩ አይደለም... ግን ደስ ይላል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጥሩምባ ሰማሁ። ስልኬ መሰለኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ምንም አልተከፈተም። የዕድሩ ነበር።

ጋሼ በላይ።

ትናንት ሱሪዬን ሊያሳጥሩልኝ ተቀብለውኝ፣ ነገ ና ብለውኝ... ምን ልጻፍ?

እሑድ፣ ግንቦት 24

የብሉቱዝ ስፒከሬን አጥፍቼ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሐዘን ካለበት ደጃፍ ዘፈን አይከፈትም፣ ቢያንስ አርባቸው እስኪወጣ። ማንም አልነገረኝም፣ ይሄ የሚነገር ነገርም አይደለም። ሻይ ቤቱም ሬዲዮውን ዘግቷል።

ሱሪዬ እዚያው ማሽኑ ላይ ይሆናል። አልጠይቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አሁን የምሰማው በገመድ አልባ ኤርፎን ነው፣ ብቻዬን፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት። ዘፋኝ "ናፈቅሽኝ" ካለህ አለቀ፣ መናፈቅ አለብህ። ይሄ ግን ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ አይነግረኝም። ያለኝን ይዤ እገባለሁ። ለዚህ ይሆን የወደድኩት?

ጥሩምባ ሲመጣብኝ ግን አልችልም፣ አልፈዋለሁ። ደጋግሜ ሳልፍ ጊዜ አፑ ጥሩምባ ማምጣት ተወ። ይሄ ሰውዬ ጥሩምባ አይወድም ብሎ ደመደመ። ተሳስቷል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

እትዬ ደብሪቱ ሱቁን ከፈቱ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸውና ወደ ሱቄ ገባሁ። እሳቸው ሲያልፉ ሻይ ቤት በር ላይ ያሉት ወሬያቸውን አቋረጡ።

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ስሰማ የጋሼ በላይ ጥሩምባ ናፈቀችኝ። ራሴ ፈልጌ በኤርፎን ከፈትኳት። ጠዋት መደርደሪያ ስወለውል የስፒከሩን ማብሪያ ነክቻለሁ ለካ። የኤርፎኑ ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ ዘሎ ስፒከሩን ያዘ።

ጥሩምባው መንገዱን ሞላው። ከሻይ ቤቱ ሰው ተግተልትሎ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች "ማነው? ማነው የሞተው?" እያለች ትሮጣለች። እትዬ ደብሪቱ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ዘልዬ ዘጋሁት። አዩኝ። ሱቁን ቆልፈው ሄዱ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አፈርኩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አሁንም ዝግ ነው። ጋሼ ቃሲም መጥተው ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ሄድክ?"

"ምን ብዬ ጋሼ?"

"ወላሂ እኔ እንጃ። ግን ዝም ካልክ ጎረቤት አጣህ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ተነስ!"

ከጋሼ በላይ ጋር በግድግዳ ስንጯጯህ ስንት ዘመን ኖርን። ባለቤታቸውን እንዲህ ልጣቸው?

እሑድ፣ ሰኔ 15

ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠብቄ ቤታቸው ሄድኩ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሐዘንዎን ደፈርኩ።"

"ተቀይሜሃለሁ።" አሉኝ። "በመክፈትህ መሰለህ? በመዝጋትህ ነው።"

አልገባኝም።

"ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይዘጋል። ሬዲዮውን ይዘጋል፣ አፉን ይዘጋል። እኔም አብሬ የተቀበርኩ ነው የሚመስለኝ። አንተ ደግሞ የበላይን ጥሩምባ ከመሃሉ ቆረጥክብኝ።"

"ጋሼ እኮ አይወዱትም ነበር..."

ሳቁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። "አይወድም? ገና ሲጀምር ፔዳሉን ያቆማል። 'ዝም በይ' ይለኛል። አዳምጦ አዳምጦ፣ ሲያልቅ መቀሱን ያነሳል። አንድ ቀን መሃሉ ላይ መትቶ ያውቃል?"

አያውቅም። አንድ ቀንም! እኔ ሞኙ ያለቀ ዘፈን ስቀንስ...

"ታዲያ ለምን ይመታሉ?"

"ወድጄዋለሁ ይበልህ? በላይ?"

ስነሳ በፌስታል የተጠቀለለች ሱሪዬን ሰጡኝ። ራሳቸው አሳጥረዋታል። "አርባው ይውጣ። ከዚያ ትከፍተዋለህ፣ እስከ መጨረሻው።"

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

አፑን እንደገና እያስተማርኩት ነው። ለእትዬ ደብሪቱ የሚሆን ጥሩምባ እየፈለግሁ አንዱን ሦስቴ አራቴ እሰማለሁ። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ፒያኖ በፒያኖ አደረገኝ። ዛሬ አንድ ላከ፣ ቀስ ያለ፣ ሽማግሌ የሚያወራ የሚመስል። ለጋሼ ቃሲም ላክሁላቸው። "ይቺን ስጣት" አሉኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ዝናቡ ሙቀቱን ትንሽ አብርዶታል። ስፒከሩን አውርጄ ድሮ ቦታው መለስኩት። ጋሼ ቃሲም ወንበሩ ላይ ናቸው። ቶንዶሱን ይዤ ዓይኔ ስፒከሩ ላይ ነው።

"ጆሮዬን እንዳትቆርጠኝ" አሉ።

መጀመሪያ አዲሶቹን ላስቀድም አልኩና ተውኩት። የጋሼ በላይን ከፈትኩ። ሻይ ቤት በር ላይ አንዱ ብድግ ሊል ሲል ሌላው "ተቀመጥ፣ ጥሩምባው ከፀጉር ቤቱ ነው" ሲለው ሰማሁ።

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ቆመ።

እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሲያልቅ ቶንዶሱን አላበራሁም።

ግድግዳው ተመታ። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

"አንተ ደረጄ! ቀንሰው!"

"እሺ እትዬ!" አልኩና ቀነስኩት።