ሰባተኛው ገጽ

ለወንድሜ ለምንይሉ ይስማው፣
አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። እንደምን ከርመሃል? ቤዛስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ንብረትስ እንደምን ናቸው? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለህ? ወር ሙሉ ሻንጣ አዝሎ አገር የዞረ ወገብ ምን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን እህት መሆን አልቀረልኝምና እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን የላካችሁላትን የዓይን ጠብታ ጧትና ማታ አደርግላታለሁ፤ ቀኙ ትንሽ ተሽሎታል፤ ግራው ግን እንዳለ ነው።

በፋሲካ ማግስት የምሠራበት ክሊኒክ ድረስ ደውለህ ያልኸኝን አልረሳሁትም። በሽተኛ ተሰልፎ ይሰማኝ ስለነበር መልሱን ለደብዳቤ አቆየሁት። ቋንቋውን ስለማትችይ እንዳትንገላቺ ብዬ ነው ትተንሽ ኬንያ የሄድነው አልኸኝ። ምንይሉ፣ ቋንቋውንማ ማናችን እንችል ነበር? ያንኑ አለመቻላችንን ይዘን ልንሄድ አልነበረም ወይ የተማከርነው?

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንተ ለዕረፍት መጥተህ ሳለህ፣ ከላሊበላ በእግራቸው የመጡት ባልና ሚስት ፈረንጆች ሆዳቸውን ታመው እኔ ዘንድ መጡ። አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም፤ የሆድ ሥዕል ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ከፍተው አሳዩኝ፤ እኔም መድኃኒቱን ሰጠኋቸው። ሲሄዱ በረንዳው ላይ ቆመህ እያየሃቸው፣ እኛስ ከማን እናንሳለን አልህ። ኬንያ ቪዛ አይጠይቅም፤ ከሞያሌ ተነስተን፣ ጥቂቱን በመኪና ብዙውን በእግር፣ የኬንያ ተራራ ሥር ያለችው ናኑኪ እስክንደርስ አንድ ወር ይበቃናል አልህ። የመንገዱን ነገር አንተ፣ የአፉን ነገር እኔ ተካፈልን። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ እናንተ ዘንድ መጥቼ ፓስፖርት ያወጣሁት ለዚህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሠራሁትን ሰቆጣ በሙሉ ያውቀዋል። አቶ ቅጣውን ታስታውሳቸዋለህ፤ ወታደር የነበሩት፣ ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀምጠው የተመለሱት፣ አሁን ሬዲዮ የሚጠግኑት። የእግራቸውን ቁስል ባጠብሁላቸው ቁጥር አምስት አምስት የስዋሂሊ ቃል ያስተምሩኝ ነበር። እኔ እንደ ፈረንጆቹ መጽሐፍ በሰማያዊ ደብተር ሥዕሉን ሳልሁ፤ ከሥሩ እሳቸው በላቲን፣ እኔ በኛ ፊደል ጻፍንበት። ውኃ፣ አልጋ፣ መኪና፣ ሽንት ቤት፣ ትኩሳት። ልብስ ሰፊው ከድንኳን ሸራ ሻንጣ ሰፋልኝ፤ ስንዴ ሞልቼበት አዝዬው ጽጽቃ ድረስ እየተጓዝሁ ትከሻዬን አስለመድሁት። አንድ የገበያ ቀን እዚያው ጽጽቃ፣ አፌን ሳልከፍት በደብተሩ ብቻ ልገበያይ ብዬ ሞከርሁ። ዕንቁላል ብዬ የሳልሁት ድንች መስሏት ኖሮ ሴትዮዋ ድንች ትሰፍርልኝ ጀመር። ራሴን ብነቀንቅ፣ ብነቀንቅ፣ በኋላ አርምሞ የያዝሁ ሱባኤተኛ መሰልኋትና ድንቹን በነጻ ሰጥታኝ፣ ልጇ እንድትወልድ በጸሎት እንዳስባት ለመነችኝ። ይህን ስጽፍልህ በሳቅ ሞትሁ ብለህ መልሰህልኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያቺን የማላውቃትን ልጅ በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ከዚያ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ላስደርገው ብለህ ወሰድኸው። ባለፈው ታኅሣሥ ደግሞ፣ መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ከለከለኝ፣ ለሌላ ጊዜ እናድርገው ብለህ ጻፍህልኝ። አመንሁህ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምሁትን ፈቃድ ትቼ ወሩን ለሥራ ባልደረባዬ ለሰላማዊት ለቀቅሁላት፤ ሠርጓ ነበርና። አንተ ለካ በጥር ከጓደኛህ ከጸሐዩ ጋር ሞያሌን ተሻግረህ ነበር።

ቤዛ ምንም የምታውቀው የለም። እኔ በገዛ ፈቃዴ የቀረሁ መስሏት ኖሮ፣ ደስ እንዲለኝ ብላ ከጠብታው ጋር ፎቶግራፉን ላከችልኝ። አንተና ጸሐዩ ሻንጣ አዝላችሁ፣ ሰማያዊው ደብተሬ በጸሐዩ እጅ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እናታችን ፎቶውን ከእጄ ወስዳ ወደ በሩ ብርሃን ዞረችና፣ ካንተ ጎን ያለውን ሰው በዚያ በደከመ ዓይኗ አይታ፣ አንቺ ነሽ አይደል አለችኝ። ከገጠር እኔ ዘንድ የመጣችው በጾሙ ነውና፣ መቼ ሄዳችሁ መቼ ተመለሳችሁ ብላ ደነቃት። አይደለሁም ብላት ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፤ ልጅሽ ዋሽቶኝ ነው ልላት ነው? አዎ አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው ወይ ትለኛለች። ያንተን ውሸት እኔ ተሸክሜ ቀረሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሰባተኛው ገጽ ነው። ቤዛ እንደ ጨዋታ አድርጋ ነው የጻፈችልኝ። ኢሲዮሎ ከተማ ላይ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ቤተሰብ ካልሆናችሁ አንድ ክፍል አልሰጥም ስትላችሁ ሰባተኛውን ገጽ አሳያችኋት፤ እኔና አንተ ጎን ለጎን የቆምንበትን ሥዕል አይታ ሹሩባ የተሠራችው የትኛችሁ ናት ብትል፣ ጸሐዩ እኔ ነኝ አለ፤ ተሳሳቃችሁና ገባችሁ። ሹሩባ የተሠራችው እኔ ነኝ፣ ምንይሉ። «ሁዩ ኒ ንዱጉ ያንጉ፤ ቱኮ ፓሞጃ» ይላል ገጹ። «ወንድሜ ነው፤ አብረን ነን።»

ይህችን ቃል ከየት እንዳመጣኋት አንተ ታውቃለህ። አክስታችን ታይቱ ዘንድ ለትምህርት ስትመጣ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ ከአገውኛ በቀር የምትሰማው የለም። እኔ ቀድሜህ መጥቼ አንደኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። አስተማሪው ስምህን ሲጠራ ስታለቅስ፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ አይ ነበርና ገብቼ ወንድሜ ነው፣ አብረን ነን አልሁ። አንተ እስክትለምድ ብዬም አንደኛ ክፍልን ካንተ ጋር ደገምሁ። ሽንትህ ሲመጣ እንኳ ፈቃድ የምጠይቅልህ እኔ ነበርሁ። ያኔ ቋንቋ ስለማትችል ትቸገራለህና ቤትህ ቅር ያለህ ሰው አልነበረም። ዛሬ አንተ ለእኔ አልኸው፤ ዓይንህን በጨው ታጥበህ።

ደብተሩን አትመልስልኝ። ሥዕሎቹን በቃሌ ስለማውቃቸው ሌላ ሠርቻለሁ፤ ዕንቁላሉንም አሁን ከጫጩት ጋር ሳልሁት። ለጥቅምት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሄጄ አይቼ፣ ለእናታችን የጠየቀችኝን እውነቱን እነግራታለሁ።

ቤዛን በጣም ሰላም በልልኝ፤ አልተቀየምኋትም። ንብረትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ጸሐዩን ሹሩባው እንዴት ሆነልህ ብላሃለች በለው። እናታችን በአገውኛ መርቃሃለች፤ ምርቃቱን እዚህ ብጽፈው ታነበው እንደሆነ እንጃ። አክስታችን ታይቱ ሰላም ብላሃለች። አቶ ቅጣውም ጠይቀውሃል። አዲሱን ደብተር ሲያዩልኝ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደረሱና፣ ያንኑ ልጻፍልሽ ወይ አሉኝ። አይ፣ ሌላ ይጻፉልኝ አልኋቸው። «ኒኮ ፔኬ ያንጉ» ብለው ጻፉልኝ። «ብቻዬን ነኝ» ማለት ነው። ወደ ክሊኒኩ ስሄድ እየደጋገምሁ እለማመደዋለሁ፤ ለአፍ አይከብድም።

እህትህ አበዛሽ ይስማው
ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.