«ጭሱ የኛ ነው ወይ?» ላሉኝ አባቴ

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

እንደምን ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ሲነሡ ሲቀመጡ ይቆረጥምዎታል ወይስ ቀለል አለልዎ? ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬ እንደምን አለች፣ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻለች? እኔ ደኅና ነኝ። ናፍቆታችሁ አንዳንድ ቀን ደረቴ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም።

በእህቴ ስልክ ቀርጸው የላኩልኝን ድምፅዎን ሰማሁት፤ ደጋግሜም ሰማሁት። «አንቺ ከተማሩት ጋር ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሰማዩ ጠባዩን የለወጠው በኛ ጭስ ነው ወይስ ወንድሜ የሰው ወሬ ይዞ ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጡብ እቶናችን እንጨት ሲንጣጣ ብቻ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሳልዎ። በስልክ ብመልስልዎ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እርስዎም «እሺ፣ እሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ እህቴ ደግማ ታነብልዎታለች።

በሰፈሩ ስብሰባ የሆነውን እሷ ነግራኛለች። አጎቴ ሰው ፊት ተነሥቶ «ዝናቡ የሚቀርብን፣ ሲመጣም አፈራችንን ጠርጎ የሚሄደው በጭስ ነው፤ የኛም እቶን አለበት» አለ አሉ። እርስዎም «ዝናብ የፈጣሪ ነው፤ የኔ ጭስ ከጣሪያዬ አያልፍም» ብለው ወጡ። እንግዲህ አንድ ጭቃ አብረው ረግጠው ያደጉ፣ አንድ እቶን በአራት እጅ የገነቡ ወንድማማቾች በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሰላም አይባባሉም ማለት ነው።

እኔ የምሠራበትን ቦታ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። እማዬ «ልጄ በረዶ ትጠብቃለች፤ በረዶን ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» እያለች ጎረቤት ታስቃለች አሉ። አልተሳሳተችም። ሁለት ወፍራም በር ያለው ክፍል ነው። በጋውም ክረምቱም እዚያ ውስጥ አንድ ነው። እንደ ክንድ የረዘሙ የበረዶ ዘንጎች በመደርደሪያው ላይ ተኝተዋል፤ ከሩቅ አገር፣ ከበረዶ ግግር ጥልቅ የተቆፈሩ ናቸው። እኔ እቆርጣቸዋለሁ፣ መልሼም አስተኛቸዋለሁ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ይሆናሉ፤ በውስጣቸው የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች ይታያሉ። አረፋዎቹ አየር ናቸው፣ አባባ። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በረዶው ሲጠነክር እዚያው ታሽጎ የቀረ አየር። አንዳንዴ በመደርደሪያዎቹ መሃል ስሄድ፣ የተኛ ሰው እንዳልቀሰቅስ እግሬን አለዝባለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ትልቅ ክርክር ነበር። በአንድ ወገን ዕድሜዋን በዚህ በረዶ ላይ የጨረሰችው አለቃችን፣ በሌላው ወገን «ሙቀት አማቂ ጋዝ የሚሉት የፈሪ ወሬ ነው» እያለ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰውዬ። እኔ ቁራጭ በረዶ በሣጥን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሰውዬው ሲናገር አፉ ማር ነው። «ምድር ሰው ሳይኖርም ሞቃለች፣ ቀዝቅዛለች። እናንተው በረዶ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ቀድሞ ጋዙ ነው የተከተለው። ታዲያ ጋዙን ምን አደረገ ብላችሁ ትከሱታላችሁ?» አለ። እውነቴን ነው፣ እርስዎ የሚናገሩ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

አለቃዬ አልተቆጣችም። «ያልከው ልክ ነው» አለችው። «አንድ ቀን ጭራሮው ግንዱን ያያይዘዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ያደረው ፍም ጭራሮውን ያያይዘዋል። ከየትም ይጀምር፣ አንዱ ሌላውን ያነደዋል። ድሮ ሙቀቱ ጀመረ፣ ጋዙ አባባሰው። ዛሬ ግን የጀመርነው እኛ ነን። ከሰሉ፣ ነዳጁ፣ የተቆረጠው ደን ሁሉ አየሩ ውስጥ ገብቶ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗታል። ይህ በረዶ በያዘው ዘመን ሁሉ የዛሬን ያህል ጋዝ አልተገኘም» አለች።

ከዚያ ቁራጩን ከእኔ ተቀብላ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችውና ዝም እንድንል ለመነችን። አባባ፣ በረዶው ተናገረ። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ። አረፋዎቹ እየፈነዱ ያ የጥንት አየር ይወጣ ነበር። ማንም ጡብ ያልተኮሰበት ዘመን አየር ወጥቶ ከእኛ ትንፋሽ ጋር ተቀላቀለ። ዓይኔን ጨፈንሁ። አዳራሹ ጠፍቶ፣ ጭስም ድምፅም የሌለበት ሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ ብቻዬን የቆምሁ መሰለኝ። ሳቢው፣ አልሁ ለራሴ፤ ሳብሁት። ምንም አይሸትም ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሰውዬው ብርጭቆው አጠገብ ቀረ። ጆሮውን አስጠግቶ በረዶው እስኪያልቅ አዳመጠ። ብርጭቆዎቹን ስሰበስብ ቀና ብሎ «አባቴ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር» አለኝ። «ሳንባው ነው የገደለው። እኛን ያሞቀንን እጅ፣ ምድርን አበላሸ ሲሉብኝ አልችልም።» እኔም ስለ እርስዎና ስለ እቶናችን ነገርሁት። እሱም «ታዲያ ምን ብለሽ ልትጽፊለት ነው?» አለኝ። እኔ ብርጭቆዎቹን መሰብሰቤን ቀጠልሁ። እሱም ኮቱን ለብሶ ወጣ።

መልሱን ያገኘሁት ይህን ስጽፍ ነው። ጭሱ የኛም ነው፣ አባባ። አለቃዬን ጠይቄያት «ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር ሲተያይ የአባትሽ ከባሕር ጭልፋ ነው፤ ጭልፋም ቢሆን ግን ውሃ ነው» አለችኝ። ሰማዩን ያበላሹት እርስዎ ነዎት የሚል ካለ ውሸታም ነው። ጭሴ ከጣሪያዬ አያልፍም ማለትም አልሆነም። አጎቴ ነገሩ እውነት ነበር፤ ጥፋቱ የወንድሙን ገመና ሰው ፊት ማውጣቱ ነው። በእነዚያ ጡቦች ስንት ቤት ቆመ፣ እኔስ በምን ተማርሁ? ያንን እጅ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ለዚያው ሙቀት ግማሽ እንጨት የሚበቃው የእቶን አሠራር እንዳለ ግን ሰምቻለሁ፤ ሥዕሉን እልክልዎታለሁ። እሱን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይገነባውም።

እዚህ ላይ እህቴ ልትዘል ትችላለች፤ አያዘልሏት። ታመው በተኙ ጊዜ ያለ ወቅቱ ያ ዶፍ ሲወርድ፣ ያልተተኮሱትን ጡቦች በላስቲክ የሸፈነው እንደተነገርዎት ጎረቤት አይደለም። አጎቴ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ላስቲኩን በእጁ ይዞ፣ በስብሶ ቆሞ ነበር። «እንዳትነግሩት» ብሎ እማዬንና እህቴን አስምሏቸዋል። እኔን ግን አላስማለኝም።

እማዬን ሁለቱንም ዓይኖቿን ይሳሙልኝ። እህቴን ምስጢር ባለመጠበቄ እንዳትቀየመኝ ይንገሩልኝ። ትንሹ ወንድሜ ጫማው እንደጠበበው ሰምቻለሁ፤ እግሩ በጤና ይደግ። የአጎቴን ሚስት ከነልጆቿ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ለአጎቴ ግን ሰላምታዬን በሰው አይላኩበት፣ አባባ። እርስዎ ራስዎ፣ በዚያ በሚቆረጥምዎ ጉልበት ቀስ ብለው ሄደው፣ በሩን አንኳኩተው ያድርሱልኝ።

ልጅዎ፣
ከበረዶው ክፍል አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥር ፲፰