ወተት የምትቀዳዋ ሴትዮ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድምሽም ከሳላቸው በቀር ደህና ናቸው።

እኛ ጋ ትመጪያለሽ ወይስ አጎትሽ ጋ ትቀሪያለሽ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ እንደወደድሽ ብዬ መለስኩልሽ። ተቆጣሽ፤ እውነትሽን ነው። ግን የምወደውን ስጠየቅ አፌ ይተሳሰራል፤ ታውቂኛለሽ።

እኔ በማግዝበት በአጎቴ የፍሬም ሱቅ ሰው ፍሬም የሚያስገባው የታወቁትን ሥዕሎች ቅጂ ነው። የሚበዛው በማሰሮ ያለው የሱፍ አበባ ነው። ደንበኛ የቱ ያምራል ሲለኝ እኔም አበባው እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሌላ ሥዕል አመጡ። አንዲት ሴትዮ መስኮት አጠገብ ቆማ ወተት ትቀዳለች፤ በቃ። ገጥሜ መስታወቱን ስወለውል ከኋላዋ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ዝንብ ነው ብዬ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። ጀርባውን ፈትቼ ከውስጥ ጠረግሁት፤ አሁንም አለ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ እማዬ። በሦስተኛው አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው የሳለውን ሚስማር ልትነቅዪበት ነው እንዴ ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ምንም ያልተሰቀለበትን ሚስማር አስቦ መሳሉ ገረመኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከግድግዳው አልነሳ አለ። ሴትዮዋም እዩኝ አትልም፤ ሐሳቧ ወተቱ እንዳይፈስ ብቻ ነው።

አስተማሪዋ ሊወስዱት ሲመጡ፣ ከዚህ ሁሉ አንቺ የቱን ትወጃለሽ አሉኝ። አበባውን ልል ብዬ፣ ይቺን አልኩ። ምኗን ሲሉኝ፣ ግድግዳዋን አልኩ። አጎቴ፣ አገር ሁሉ አበባ ሲል የእኛዋ የግድግዳ ኖራ ወደደች ብለው ቀለዱብኝ። ፊቴ ቢቃጠልም ቃሌን አላጠፍኩም። አስተማሪዋ ግን፣ እኔም የገዛሁት ለግድግዳው ነው አሉ።

እማዬ፣ ባለቤትሽ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ክፍል ስላዘጋጁልኝ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ቅር እንዳይላቸው፤ አንቺም እንዳታለቅሺ። አጎቴ ከመጪው ወር ጀምሮ መስታወት መቁረጥ ሊያስተምሩኝ ነው። ትሰጊያለሽ፤ ጓንት አለኝ። ሰው ስታገኚ ሹራቤንና ወፍራሙን ብርድ ልብስ ላኪልኝ። ለእኔ ያዘጋጁት ክፍል ብርሃን አለው ብለሽኝ የለ? የስፌት መኪናሽን አስገቢበት።

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ።

አንቺን የማትረሳ ልጅሽ