ለማሽኑ የሰጠሁት የሽምግልና ድምፅ

ታኅሣሥ 6፣ ከጧቱ 3 ሰ.
ደብተሬ፣ ዛሬም አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ እየቀዳኝ በኽምጣንጋ፣ በእኛው በአገው ቋንቋ፣ አነበብኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል። የእህቴ ልጅ ለምለም የምትሠራበት ኩባንያ የሰው ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን እያሠለጠነ ነው። ለዚሁ ሥራ ሌላ ኩባንያም ሰቆጣ ገብቷል። ያኛው ከቀደመ የእኛው ይዘጋል ትላለች፤ ፊቷ ከስቷል። ንባብ አይበቃም፣ ሰው እርስ በርሱ ሲያወራ ይቀዳ ብለዋታል አለቆቿ።
የዚያኛው ማሽን የጻፈውን አሳየችኝ። ግማሹ አማርኛ! ከገበያ ልጆች የለቀሙት ነው። ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ከሰዓት
ሽምግልና ዋልን። ስልኩን ከፍቼ ጋቢዬ ሥር ያዝኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የሚሰማው ማሽን ነው፣ ሰው አይደለም ብዬ።
ደሱ ለብቻው ቀረበ። የታላቅ ወንድሙን የሞላን የማሽላ ክምር ያቃጠለው እሱ መሆኑን አመነ። አለቀሰ። እሱ እህሉን በእኛ እጅ ለሞላ ሊተካ፣ እኛ ስሙን ላናነሣ ቃል ተገባባን።
ቅጂውን ለለምለም ሰጠኋት። ንጹሕ የአባቶች ኽምጣንጋ። ጉልበቴን ሳመች። እነዚያ አሁን ይምጡ እስቲ፣ አለች።

ታኅሣሥ 11
ዛሬ ገባኝ። ማሽኑ ብቻውን አይማርም። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሰምቶ፣ እየጻፈ ያስተምረዋል። ጸሐፊዎቹ የዚሁ የሰቆጣ ልጆች ናቸው። ለምለም በደስታ ነገረችኝ፤ ከዚያኛው ኩባንያ ጎበዟን ጸሐፊ አስኮብልለዋል። ማን ናት? አልኳት።
የሞላ ልጅ፣ ፀሐይ።
ቅጂውን አሁኑኑ ደምስሺው አልኳት። አዲስ አበባ ገብቷል፣ ከእጄ ወጥቷል አለች። ጮኽኩባት።
«አጎቴ፣ ጧት ማታ ቃል ቃል የሚሉት አንቱ አይደሉ? ታዲያ ቅጂውን ማን ሰጠኝ?»
በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ከጧቱ 12 ሰ.
እንቅልፍ የለም። ለምለም እንዳለችው ቅጂው ሰኞ ለፀሐይ ይደርሳታል። ዛሬ ቅዳሜ። ሞላ ቁጡ ነው፣ መሣሪያ አለው።
አምና አንድ ሽማግሌ የሰማውን ለሚስቱ ስላወራ ከመቀመጫው አስነሣሁት። እግሬ ላይ ወድቆ ሲለምነኝ ፊቴን አዞርኩ። ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ። ስለዚህ ለእኔም ፍርዱ ያው ነው።
መጀመሪያ ደሱ ጋ። የሠራሁትን ሳላድበሰብስ እነግረዋለሁ። ፀሐይ ሳትሰማ በራሱ አፍ ለወንድሙ እንዲናገር እለምነዋለሁ። ከፈቀደ ከሞላ ፊት አብሬው እቆማለሁ፣ እኔ ከፊት። ቀጥሎ አብረውን የሚሸመግሉት ቄስ ጋ፤ ከሽምግልና ወርጃለሁ እላቸዋለሁ። መልሱኝ ብዬ አማላጅ አልልክም።
ለምለም ልከተልዎ ብላ ነበር። እምቢ አልኳት። ዱላዬንም አልይዝም። ደሱ ሊመታኝ ከተነሣ ይምታኝ፤ እጄን አላነሣም።